ሰላጣዬ ለምን መረረ?

ጥያቄ፦ በዐቢይ ጾም ከጓሮዬ እየቀጠፍሁ እመገባለሁ ብዬ በጥር አጋማሽ የሰላጣ ዘር በመደብ ላይ ዘራሁ፤ እንደ ባቄላም አፈሩን በጣቴ እየበሳሁ ቀበርሁት። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሳይበቅል ቀረ። የበቀለውም በመጋቢት መሐሉ ላይ አገዳ አውጥቶ ተመዘዘ፤ ቅጠሉ ለአፍ የማይመች መራራ ሆነ። አፈሩ ደክሞ ይሆናል ብዬ ዩሪያ ብጨምርም ለውጥ አላየሁም። ጥፋቱ የዘሩ ነው ወይስ የእኔ?
ከኮተቤ፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ ያልበቀለው ዘር ከአቅሙ በላይ ተቀብሮ ይመስለናል። የሰላጣ ዘር እጅግ ደቃቅ ከመሆኑም በላይ ብዙው ዓይነት ለመብቀል ብርሃን ይሻል፤ ስለዚህ በእርጥብ መደብ ላይ በስሱ በትነው ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ የተነፋ ብስባሽ ቢያለብሱት ይበቃዋል። አፈሩ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሲሆን ደኅና ይበቅላል፤ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ግን ጤነኛው ዘር እንኳ ሳይነቃ ይቀራል፤ የበጋ ፀሐይ የሚመታው ገላጣ መደብ ደግሞ እዚያ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ችግኙን ጥላ ባለበት ቦታ ያፍሉ።

ምሬቱ ያለው ሰላጣ ሲቆረጥ በሚወጣው ወተት መሰል ፈሳሽ ውስጥ ነው፤ ተክሉ ቅጠል ማብዛቱን ትቶ ለአበባ ሲነሣ ይበረታል። በአውሮፓ ወደ አበባ ከሚገፉት ነገሮች አንዱ በሰኔና በሐምሌ የሚረዝመው ቀን ነው፤ በአዲስ አበባ ግን የረጅሙና የአጭሩ ቀን ልዩነት ከአንድ ሰዓት ጥቂት ቢያልፍ ስለሆነ፣ በእርስዎ ጓሮ የምንጠረጥረው የመጋቢትን ሙቀትና የውኃ ጥምን ነው። አንዴ አገዳ ያወጣን ሰላጣ ዩሪያ ወደ ቅጠል አይመልሰውም። ዘር መያዝ ቢፈልጉ ቀድሞ የተመዘዘውን ነቅለው መጨረሻ የተመዘዘውን ያስቀሩ፤ ሰላጣ በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል በመሆኑ ያ የመታገሥ ጠባይ ወደ ልጆቹ ይተላለፋል።

ለመጪው ጾም ከታኅሣሥ መጀመሪያ አንሥቶ በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይዝሩ፤ እንዲህ ሲሆን አንዱ ሲያረጅ ሌላው ይደርሳል። እንደ ጥቅል ጎመን የሚጠቀለለው ዓይነት ብዙ ጊዜ ስለሚፈጅ፣ ቅጠሉ የተዘረጋውን እንዲመርጡ እንመክራለን። ችግኙ አራት ወይም አምስት ቅጠል ሲያወጣ በ25 ሴንቲ ሜትር ርቀት ያዛውሩት፤ ከቀትር በኋላ ጥላ የሚያገኝበት ቦታ ይስጡት። ሥሩ ጥልቀት ስለሌለው ጠዋት ጠዋት ሳያቋርጡ ያጠጡት፤ በደረቅ ሣር መጎዝጎዝም እርጥበቱን ይይዛል። ለምግብ ሲፈልጉ የውጭዎቹን ቅጠሎች ብቻ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ይቀንጥቡ።

ሰላጣ በጥሬው የሚበላ ነውና አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስብዎታለን፦ በሚገባ ያልበሰበሰ ፍግ መደቡ ላይ አያድርጉ፤ ከተማውን አቋርጦ ከሚያልፍ ወንዝ የተቀዳ ውኃም አያጠጡት፤ የሆድ ትላትል እንቁላል በቅጠሉ መታጠፊያ ተጣብቆ ስለሚቀር ከጓሮዎ የቀጠፉትንም ቢሆን ቅጠል በቅጠል በንጹሕ ውኃ ደጋግመው ይጠቡት።