«የትኛውን ሶፍትዌር ልማር?» ላለችው እህታችን፣ ከጅማ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። ልመልስ ስል መብራት ሄደ፣ ዛሬ ነው የደረስኩልሽ። (ስለ ኃይል እቅድ ለመጻፍ መብራት መጠበቅ! ያው ሰፈራችንን ታውቂዋለሽ።)

ሌሎቻችሁም እንድትከታተሉ ጥያቄዋን ላሳጥረው። ከአጋሮ ወዲያ፣ ጎማ ወረዳ ውስጥ ላለች አንዲት የገጠር ቀበሌ የፀሐይ ኃይል የመነሻ ጥናት እንድትሠራ ተሰጥቷታል። 120 አባወራ፣ አንድ ጤና ኬላ፣ አንድ ወፍጮ፣ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ አለ። ሆመር የሚባለውን የኃይል ማስሊያ ሶፍትዌር ተማሪ አሏት፣ ዋጋውን ስታይ ደነገጠች። ነፃ የሆነ ምን አለ? ከኢንተርኔት የሚወርደው የፀሐይ መረጃስ ይታመናል ወይ? ነው ጥያቄው።

እኔ ከኪቶ ፉርዲሳ (ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ) ከወጣሁ ጀምሮ በዚሁ ሥራ ላይ ነኝ። ሆመርንም ሬትስክሪንንም ሌላውንም ነካክቻለሁ። ከባድ ስህተቶቼ ሁሉ ግን የመጡት ከሶፍትዌሩ አይደለም። ሶፍትዌሩን ከመክፈቴ በፊት ከሠራሁት ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመሽ ደብተርና እስክሪብቶ ያዢ።

ቀበሌዋ ሂጂና ሎዱን (ሰዉ የሚጠቀመውን የኃይል መጠን) ቁጠሪ። «120 ቤት አለ፣ እያንዳንዱ ይህን ያህል ይጠቀማል» ብለሽ ቢሮ ቁጭ ብለሽ እንዳታባዢው። ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳይሽ። አንድ ቤት ጥቂት አምፖል፣ ስልክ ቻርጅና ሬዲዮ ቢኖረው በቀን 200 ዋት ሰዓት ይበቃዋል እንበል። 120 ቤት ሲሆን 24 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አንድ የ7.5 ኪሎዋት ወፍጮ በቀን አራት ሰዓት ብቻ ቢሠራ ደግሞ 30 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። አየሽ? አንድ ወፍጮ ከቀበሌው ቤት ሁሉ በለጠ። ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ለትንሽ ጊዜ ከመደበኛው ከ5 እስከ 7 እጥፍ ከረንት ይስባል። ኢንቨርተሩ (የፓኔሉንና የባትሪውን ኃይል ለቤትና ለሞተር ወደሚሆን የሚቀይረው) ይህን ካልቻለ ወፍጮው በተነሳ ቁጥር ቀበሌው ይጨልማል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሌላው ጉድ ነው። 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ ምጣድ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ 5 ኪሎዋት ሰዓት አለፈ። ይህ የ26 ቤት የቀን ፍጆታ ነው። ሰዉን ስትጠይቂ «መብራት ቢመጣ ምን ትገዛላችሁ?» ብቻ አትበይ። ሁሉም ቲቪ ይልሻል። «ከተማ ያለች እህትሽ ቤት ምን አለ?» በያት። ምጣዱ ያኔ ይወጣል።

አሁን ወደ ሰዓት ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነው የተቀጣሁት። አንድ ጊዜ መረጃ ሰብሳቢዎች ልከን ቅጹን ሞልተው መጡ። መብራት የሚበራው «ከ12 እስከ 4 ሰዓት» ይላል። ልክ ናቸው፣ ምሽት 12 ነው። ቢሮ ያለው ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ 12:00 እስከ 16:00 ብሎ አስገባው። ሶፍትዌሩ ምን ያድርግ? የቀበሌው ሰው በጠራራ ፀሐይ አምፖል ያበራል ብሎ አመነ። ኃይሉ ከፓኔሉ በቀጥታ ይወሰዳል፣ ባትሪ ብዙም አያስፈልግም አለ። ዋጋው በጣም ወረደ። ሁላችንም ደስ አለን፣ ውጤቱን ለሰው ያቀረብኩትም እኔ ራሴ ነበርኩ። አብሮን የሚሠራ አንድ የድሮ ኤሌክትሪሺያን ግራፉን ከጀርባዬ አየና «የትኛው ገበሬ ነው በስምንት ሰዓት ቤቱ ገብቶ አምፖል የሚያበራው?» አለኝ። ሦስት ሳምንት የለፋንበት ሥራ እንደገና ተጀመረ።

ችግሩ እዚያ ላይ አያበቃም። ፒቪጂስ ከሚባለው ነፃ የፀሐይ መረጃ ድረ ገጽ የሚወርደው የየሰዓቱ መረጃ በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። ከእኛ አገር ሰዓት በ3 ወደ ኋላ ይቀራል። ጅማ ላይ ፀሐይ አናት የምትደርሰው በእኛ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፤ በፈረንጁ 12:30። ፒቪጂስ ላይ ግን 9:30 ሆኖ ታገኚዋለሽ። ወሩም እንደዚሁ ነው። ጁላይ ማለት ከሰኔ 24 እስከ ሐምሌ 24 ነው። ገበሬው «በሐምሌ» ሲልሽና ሰንጠረዡ «ጁላይ» ሲል አንድ ነገር እየተባለ አይደለም።

ወደ ፀሐይ መረጃው። ለመጀመሪያ እይታ ግሎባል ሶላር አትላስን ክፈቺ። የዓለም ባንክ ነው ያሠራው፣ ነፃ ነው፣ ካርታው ላይ ቀበሌሽን ስትነኪ ቁጥሩን ይሰጥሻል። ጥራቱ 1 ኪሎ ሜትር ገደማና ከዚያም የተሻለ ስለሆነ የተራራና የሸለቆ ልዩነት ይታይበታል። ናሳ ፓወርም ነፃ ነው፣ የብዙ ዓመት የየቀኑ መረጃ ስላለው እወደዋለሁ። የፀሐይ መረጃው ግን በ1 ዲግሪ ሳጥን ነው። ይህ ማለት በግድምድሙ 110 ኪሎ ሜትር በ110 ኪሎ ሜትር ነው። ጅማ፣ አጋሮና ዴዶ አንድ ሳጥን ውስጥ ይወድቃሉ። ዴዶ ላይ ጉም ለብሶ የቆመ ሰውና አጋሮ ላይ ሸሚዝ ያወለቀ ሰው እኩል ፀሐይ አላቸው ብሎ ይነግርሻል። ለዓመታት ንጽጽር ተጠቀሚበት፣ ለአንዲት ቀበሌ ግን ብቻውን አትመኚው።

«ከመሬት የተለካ መረጃ አይሻልም?» ትዪ ይሆናል። ይሻላል፣ ከተገኘ። አገራችን ውስጥ ብዙ ጣቢያዎች የሚመዘግቡት ግን ፀሐይ ስንት ሰዓት እንደወጣች ነው። የጨረሩን ጉልበት አይደለም። የሰዓቱን ቁጥር በአንግስትሮም ቀመር ወደ ጨረር መለወጥ ይቻላል። ጊዜ ካለሽ ሠርተሽ ከሳተላይቱ (ከአትላሱና ከናሳው) መረጃ ጋር አስተያዪው። ወር በወር በጣም ከተራራቁ አንዱ ጋ ችግር አለ ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ዓመታዊ አማካይ አያታልልሽ። ጅማ ዙሪያ አማካዩ በቀን በካሬ ሜትር 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፣ ጥሩ ነው። ግን እኛ ክረምታችንን እናውቀዋለን። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ለአንድ ጤና ኬላ ሥርዓት ስናሰላ በዓመቱ አማካይ ሄድን። ጥቅምት ላይ ተተከለ፣ በጋውን ሁሉ ሰላም ነበር። ሐምሌ ሲገባ የጤና ኤክስቴንሽኗ መደወል ጀመረች። «ዛሬም በሦስት ሰዓት ጠፋ።» በነጋታው ደግሞ እንደዚያው። ነሐሴ ላይ ስልኬ ሲጮህ ሆዴ ይሸበር ነበር። አንድ ክረምት ሙሉ ባዶ እየሆነ የሰነበተ ባትሪ ደግሞ በጋ ሲመጣ እንደ ድሮው አይሆንም።

ሒሳቡ ይሄ ነው። በቀን 54 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልግሻል እንበል፣ ቤቶቹና ወፍጮው ማለት ነው። የሥርዓቱ ብክነት ተቀንሶ 70 በመቶው ይደርሳል በይ። ዓመታዊው አማካይ 5.2 ቢሆን 15 ኪሎዋት ፓኔል ይበቃል። የክፉው ወር 4.2 ቢሆን ግን ከ18 በላይ ትፈልጊያለሽ። ልዩነቱ የጤና ኤክስቴንሽኗ የስልክ ጥሪ ነው። (ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፣ የራስሽን ከካርታው አውጪ።)

ለዚህ ሥራ ሰው የማያውቀው ጥሩ መሣሪያ ፒቪጂስ ውስጥ አለ። የአውሮፓ ኮሚሽን ነው የሚያስተዳድረው፣ አፍሪካን ይሸፍናል፣ መመዝገብ እንኳ አይጠይቅም። ከግሪድ (ከዋናው የመብራት መስመር) ውጪ ለሆነ ሥርዓት የተለየ ገጽ አለው። የፓኔሉን መጠን፣ የባትሪውን መጠን፣ ባትሪው እስከ ስንት መውረድ እንዳለበትና የቀን ፍጆታሽን ታስገቢያለሽ። ከመቶ ስንት ቀን ባትሪው እንደሚሞላ፣ ስንት ቀን ባዶ እንደሚሆን ወር በወር ያሳይሻል። የየሰዓቱን ፍጆታም መጫን ትችያለሽ። ያን ጊዜ ይህን ባውቅ ኖሮ ያቺን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ባላስለቀስኳት።

አንድ ነገር ግን ሳተላይት አያይም። የእኛ ቡና ጥላ ሥር ነው የሚበቅለው። ጤና ኬላው ጀርባ የቆመች አንዲት ዋንዛ ወይም ሰሳ ከሰዓት በኋላ ያለውን ፀሐይ እንዳለ ትወስደዋለች። ቦታው ላይ ጠዋት፣ ቀትርና ከሰዓት ፎቶ አንሺ። ዛፉን እንዲቆርጡ አትጠይቂ፣ ፓኔሉን አንቺ አዛውሪ።

ሆመርስ? ጥሩ ነው፣ አልዋሽሽም። የዓመቱን 8,760 ሰዓት አንድ በአንድ እያስኬደ ፀሐይን፣ ጄኔሬተርን፣ ውሃንና ባትሪን አቀላቅሎ የቱ እንደሚረክስ ያወጣል። መጀመሪያ የአሜሪካው የታዳሽ ኃይል ላቦራቶሪ ሥራ ነበር፣ አሁን የንግድ ነው። የሙከራ ጊዜ ይሰጣል። እኔ የምመክርሽ ሎዱ፣ የፀሐይ መረጃውና የዋጋ ዝርዝሩ ሁሉ ተዘጋጅቶ ሲያልቅ የሙከራውን ጊዜ እንድትጀምሪ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ ይጭነዋል፣ መረጃ ሲሰበስብ ቀኑ ያልቅበታል። ሬትስክሪን የካናዳ መንግሥት ነው። ለፋይናንሱ ጎን ይመቻል፣ ያለ ክፍያ ስትጠቀሚ ግን ሥራሽን ማስቀመጥ አትችይም። ሳም፣ ያው የአሜሪካው ላቦራቶሪ ሶፍትዌር፣ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው፣ ግን ብቻውን ለሚቆም የቀበሌ መስመር (ማይክሮግሪድ) ሳይሆን ከግሪድ ጋር ለተያያዙ ጣቢያዎች ይበልጥ ይስማማል።

የቱንም ብትጠቀሚ አንድ ዋጋ ብቻ አስገብተሽ እንዳትቆሚ። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ከዚያ በፊት የተሠራ ጥናት ሁሉ የፓኔል ዋጋው አርጅቷል። የምንዛሪውንም የናፍጣውንም ዋጋ ወደ ላይ ወደ ታች እያደረግሽ አስኪጂው። ውጤቱ በትንሽ ለውጥ የሚገለበጥ ከሆነ ለአለቃሽ ቀድመሽ ንገሪው።

የቡና ማጠቢያው ነገር ለብቻው መነገር አለበት። አለቆችሽ «ማጠቢያውም በሶላር» ማለታቸው አይቀርም፣ ለሪፖርት ያምራል። ግን ማጠቢያው የሚሠራው በዓመት ሦስት ወር ገደማ ነው። ቀይ ቡናው ቀን ይለቀማል፣ ከሰዓት በኋላና ወደ ማታ ይደርሳል፣ በዚያው ምሽት መፈልፈል አለበት። ማለትም ሞተሩ የሚዞረው ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው። ለሦስት ወር ምሽት ትልቅ ባትሪ መግዛት ዘጠኝ ወር ሙሉ ገንዘብ አስተኝቶ ማስቀመጥ ነው። እኔ ብሆን ማጠቢያውን ለጊዜው በናፍጣው ትቼው የቀበሌውን ለብቻው አሰላለሁ።

ወንዝ ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል። ማጠቢያ ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ ውሃ አለ። ለግምት ቀላል ቀመር አለችሽ፦ በሰከንድ የሚፈሰውን ውሃ በሜትር ኪዩብ፣ ሲባዛ የሚወርድበት ከፍታ በሜትር፣ ሲባዛ 5። ውጤቱ ኪሎዋት ነው። በሰከንድ 50 ሊትር ከ12 ሜትር ቢወርድ 3 ኪሎዋት ገደማ ይሆናል። ውሃውን ነሐሴ ላይ ለክተሽ አትደሰቺ፣ የካቲትና መጋቢት ላይ ለኪው። ፀሐይና ወንዝ እኛ ጋ ተራ ይይዛሉ፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይበረታል። ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ ላይ ደግሞ ሆመር ጎበዝ ነው። ነፋሱን ግን ተዪው። ግሎባል ዊንድ አትላስን ከፍተሽ አዳማን ከጅማ ጋር አስተያዪ፣ ይበቃሻል።

የመጨረሻው፣ ብዙ ሰው የሚረሳው፦ ግሪዱ መቼ ይደርሳል? ከግልገል ጊቤ 184 ሜጋዋት እዚሁ አፍንጫችን ሥር ከእ.ኤ.አ. 2004 ጀምሮ ይመነጫል፣ ቀበሌዋ ግን ጨለማ ናት። መስመሩ በሁለት ዓመት ከመጣ ሥራሽ ሁሉ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም በ2025 65 በመቶውን በግሪድ፣ 35 በመቶውን ከግሪድ ውጪ ለማዳረስ ነበር ያቀደው። የትኛው መንደር በየትኛው ይሻለዋል የሚለውን የሚያሰላ ኦንሴት የሚባል ነፃ ሞዴል አለ። የስዊድኑ ሮያል ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሰዎች ናቸው የሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናታቸውም የፈተሹት በኢትዮጵያ ላይ ነው። ለአንዲት ቀበሌ ኦንሴት መማር አይጠበቅብሽም። ኪውጂአይኤስ በሚባለው ነፃ የካርታ ሶፍትዌር ላይ ቀበሌዋን፣ መንገዱንና ቅርብ ያለውን የመካከለኛ ቮልቴጅ መስመር አስቀምጠሽ ርቀቱን ለኪ። ከዚያ መብራት ኃይል ሄደሽ በአካል ጠይቂ። ካርታው ያላሳየሽን እዚያ አንድ ሰው በአምስት ደቂቃ ይነግርሻል።

የሎድ መጠይቁ በኤክሴል አለኝ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እልክልሻለሁ። ሰዓቱ በሁለት ዓምድ ነው የተሠራው፣ አንዱ በሐበሻ ሌላው በፈረንጅ። መረጃ ሰብሳቢዎችሽ የሐበሻውን ብቻ ይሙሉ፤ ሌላውን ራሱ ያሰላዋል።