መልስ፦ ለቤት ላፕቶፕ የትኛውን አንቲቫይረስ ልግዛ?

ወንድሜ፣ ደሴ ፒያሳ ፕሪንት ቤት የገባው ፍላሽህ ፋይሎቹ ሾርትከት (አቋራጭ ምልክት) ሆነውብሃል፤ የትኛውን አንቲቫይረስ ልግዛ ነው ጥያቄህ። ምንም አትግዛ፤ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር ለቤት ይበቃል። ክራክ የተደረገማ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረው፣ ጨርሶ አይጫን! ክራኩ ራሱ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዞ ይመጣል፤ ሌላ አንቲቫይረስ ሲገባ ደግሞ ዲፌንደር በራሱ ይጠፋል።

ሾርትከቱን አትክፈተው፣ ቫይረሱን የሚያስነሳው እሱ ነው። ዲፌንደርን አፕዴት አድርገህ ፍላሹን በራይት ክሊክ ስካን አድርገው። ፋይሎችህ አብዛኛውን ጊዜ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም፤ ፋይሎች በሚታዩበት መስኮት "ቪው" ውስጥ "ሂድን አይተምስ" (Hidden items) የሚለውን ስታበራ ካልታዩ፣ በ"ኦፕሽንስ" በኩል "ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ" ላይ ያለውን ምልክት አንሳ። ሰነዶችህን ብቻ ገልብጠህ ፍላሹን ፎርማት አድርግ።

ላፕቶፑም ከተበከለ የዲፌንደርን ኦፍላይን ስካን (ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚደረግ ፍተሻ) አስነሳ፤ ሪስታርት አድርጎ 15 ደቂቃ ያህል ስለሚፈትሽ መብራት ቢሄድም እንዳይቋረጥ ባትሪውን ቀድመህ ሙላ።