መልስ፦ በሳሙልኖሪ ልምምድ የጃንጉ ድምፅ ለምን ይዋጣል?

ሳሙልኖሪን፣ ማለትም በአራት የምት መሣሪያዎች የሚቀርበውን የኮሪያ ሙዚቃ፣ አራት ሆናችሁ ስትለማመዱ ኴንጓሪዋ (በእጅ የምትያዘው ትንሿ የነሐስ ሳህን) የጃንጉውን (ባለ ሁለት ፊቱን ከበሮ) ድምፅ እንደምትውጠው ጽፈሃል። ሙዚቃው እ.ኤ.አ. በ1978 ከገበሬዎች የሜዳ ጨዋታ ወደ ሶል ከተማ መድረክ የገባ ነው፤ በጠባብ ክፍል መጮኹ አይገርምም። ጥፋቱ ግን በአብዛኛው የኴንጓሪ መቺው ግራ እጅ ነው። ሳህኗን የያዘው እጅ በጣቶቹ ከጀርባዋ እየነካ ድምፁን ካልቆረጠ፣ የአንዱ ምት ንዝረት በቀጣዩ ላይ ይደረብና የጃንጉ ስስ ምቶች ይጠፋሉ። በዝግታ ጀምሩ፦ አንዱ ምት ክፍት፣ ቀጣዩ የታፈነ። ትልቁ የነሐስ ሳህን፣ ጂንግ፣ አይታፈንም፤ በአብዛኛው የዙሩን መነሻ መትቶ ድምፁን ይልቀቀው።

ጃንጉውንም ፈትሹ። ቀኝ ፊቱ በቀጭኑ የቀርከሃ ዘንግ ሲመታ ጥርት ካላለ ቆዳው በእርጥበት ላልቷል፤ በገመዶቹ ላይ ያሉትን የቆዳ ማጥበቂያዎች እየገፋችሁ አጥብቁት። ፍጥነት የሚጨምረው መሪው፣ ማለትም ኴንጓሪ መቺው ነው፤ ዓይናችሁን ከሱ አትንቀሉ።