በትንሽ በጀት የወፍ ሆረር ልትሠሩ ላሰባችሁ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ወንድማችን እንዲህ ብሎ ጠይቋል፦ «እኔና ጓደኞቼ ወፎች አንዲት ትንሽ ከተማ ላይ የሚዘምቱበት አጭር ሆረር ልንሠራ ነው። በጀታችን ለወፍ አኒሜሽን አይበቃም። በትንሽ ገንዘብ የተሠሩትን ስናይ ደግሞ ሁሉም ያስቃሉ እንጂ አያስፈሩም። እንተወው ወይስ መላ አለው?»

አትተዉት፣ መላ አለው። እኔ የምተዳደረው በድምፅ ኤዲቲንግ ነው። የወፍ ሆረር ደግሞ ነፍሴ ነው፤ የተገኘውን ሁሉ አያለሁ። ስለዚህ ትንሽ ላስረዝምባችሁ። (ዓመታቱን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

«ያስቃል» ካላችሁት ውስጥ አንዱ «በርዴሚክ» ሳይሆን አይቀርም። ፊልሙን የሠራው ጄምስ ንጉየን የሚባል፣ ሶፍትዌር በመሸጥ የሚተዳደር ሰው ነው። ቦታው ካሊፎርኒያ ውስጥ ሃፍ ሙን ቤይ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ናት። ወጪው ከ10,000 ዶላር በታች። የእረፍት ቀናትን እየጠበቀ ነው ዓመታት ፈጅቶ የቀረጸው። በ2009 ሰንዳንስ የሚባለው የፊልም ፌስቲቫል አልቀበል ሲለው መኪናውን በአሻንጉሊት ወፎችና በውሸት ደም አስጊጦ ራሱ ነድቶ ሄደ። ፌስቲቫሉ በሚካሄድበት ከተማ እየዞረ ፊልሙን አስተዋወቀ። በመጨረሻ ሰቨሪን ፊልምስ የሚባል አከፋፋይ ወሰደውና በ2010 ለሕዝብ ቀረበ። ይህን ሰው ከልቤ አከብረዋለሁ። ጀምሮ ጨርሷል፤ ሰው ፊት አቅርቧል። ብዙዎቻችን እዚያ አንደርስም።

ፊልሙን ያየ ሁሉ የሚያወራው ስለ ንስሮቹ ነው። እውነት ነው፣ ንስሮቹ አየር ላይ አንድ ቦታ ተንጠልጥለው ክንፋቸውን ያርገበግባሉ፤ ሰዎቹም በልብስ መስቀያ ይከላከሏቸዋል። ግን ወፎቹ የሚመጡት ፊልሙ ሊጋመስ ሲል ነው። ተመልካቹ ከፊልሙ የወጣው ከዚያ በፊት ነው። ለምን? ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የመጀመሪያውን ክፍል አድምጡት። ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ካሜራው ከአንዱ ወደ ሌላው በዞረ ቁጥር የጀርባው ድምፅም አብሮ ይቆረጣል። እሱ ሲናገር ጫጫታ፣ እሷ ስትናገር ሌላ ዓይነት ጫጫታ፣ ወይም ጭራሽ ጸጥታ። ጆሮ ይህን ቶሎ ይይዛል። ሰዎቹ አንድ ቦታ አብረው መሆናቸውን ያላመነ ጆሮ፣ ወፉን ዓይን ቢያምንለት እንኳ አይፈራም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ገንዘብ አይጠይቅም። እያንዳንዱ ቦታ ላይ ቀረጻ ስትጨርሱ ሁሉንም ሰው ዝም አሰኙና የቦታውን ባዶ ድምፅ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ቅዱ። ክፍሉም፣ ግቢውም፣ መንገዱም የራሱ ድምፅ አለው። ኤዲት ስታደርጉ ያንን ከንግግሩ ሥር አንጥፉት። ቆርጣችሁ የቀጠላችሁት ሁሉ አንድ ቦታ ላይ የሆነ ይመስላል። ተዋናዮቹ ሊሄዱ ሲጣደፉ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ይህን ማስደረግ አስቸጋሪ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ድርቅ በሉ።

አሁን ወደ ትልቁ እንሂድ። የዳይሬክተሩ የአልፍሬድ ሂችኮክ «ዘ በርድስ» (ወፎቹ) የ1963 ፊልም ነው። ቦዴጋ ቤይ በምትባል የካሊፎርኒያ የባሕር ዳር ከተማ የሚካሄድ ታሪክ ነው፤ ርካሽም አይደለም፣ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበታል። ግን በጣም ከሚያስፈሩት ትዕይንቶች አንዱን እናንተም ልትሠሩት ትችላላችሁ። የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነችው ሴት ትምህርት ቤት ግቢ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ሲጋራ ታጨሳለች። ውስጥ ልጆች ይዘፍናሉ። ከኋላዋ የልጆች መጫወቻ ብረት አለ፤ አንድ ቁራ መጥቶ ያርፍበታል። ካሜራው ወደ እሷ ይመለሳል። እንደገና ብረቱን ስናይ ጥቂት ተጨምረዋል። ከዚያ እሷ ላይ ይቆያል። ረጅም ነው። ልጆቹ መዝፈናቸውን አላቆሙም። በመጨረሻ ሰማይ ላይ አንድ ቁራ ታያለች፣ በዓይኗ ትከተለዋለች፣ ሲያርፍ ብረቱ በሙሉ ጠቁሯል።

ልብ በሉ፣ እዚህ ማንም አልተነከሰም። ወፎቹ የበዙት እኛ የእሷን ፊት እያየን ሳለ ነው። ይህን በጥቂት የአርቴፊሻል ቁራዎችና በአንዲት ጎበዝ ተዋናይት መሥራት ይቻላል። የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው፤ ካሜራውን ፊቷ ላይ ማቆየት።

ሌላው፣ ያ ፊልም የተለመደው የጀርባ ሙዚቃ የለውም። ጩኸቱንና ርግብግቡን ኦስካር ሳላ የተባለ ጀርመናዊ በርሊን ውስጥ ትራውቶኒየም በሚባል የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው ያወጣው። ቤተሰቡ በርና መስኮቱን ጠርቅሞ የሚጠብቅበትን ሌሊት እዩት። የምናየው ጥቂት ነው፤ ሳንቃውን የሚበሱ መንቁሮች፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፉ ሰዎች። ጥቃቱ ያለው ድምፁ ውስጥ ነው። ለእናንተ በጀት ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የለም።

እንዴት ታወጡታላችሁ? የቆዳ ጓንት ማይክ አጠገብ ስታራግፉ የክንፍ ድምፅ ይሰጣችኋል። ቀጭን ጓንት ለትንሽ ወፍ፣ ወፍራም ለትልቅ። ጃንጥላ ቶሎ ቶሎ መክፈትና መዝጋት ደግሞ የአሞራ ክንፍ ይመስላል። የጥፍር ድምፅ ከፈለጋችሁ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ያደግን ሰዎች መማር አያስፈልገንም፤ ጠዋት ቁራ ጣራው ላይ ሲራመድ ሰምተናል። እሱን ጎህ ሲቀድ፣ መኪና ሳይበዛ፣ ከቤት ውስጥ ሆናችሁ ቅዱ። አንድ ቁራ ይበቃል። ቅጂውን አባዙት፣ እያንዳንዱን ትንሽ አዘግዩት፣ ፒቹን (የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት) ከፍ ዝቅ አድርጉት፣ ግራና ቀኝ በትኑት። እኔ ለአንድ አጭር ፊልም እንዲህ ሠርቼ ዳይሬክተሩ መቶ ቁራ ከየት አመጣህ ብሎኛል። ጥቃቱ ሊጀምር ሲል ደግሞ ሁሉንም ድምፅ አንድ በአንድ አጥፉት፦ መጀመሪያ ውሻውን፣ ከዚያ የሩቁን መኪና፣ በመጨረሻ ነፋሱን። ተመልካቹ ሳያውቀው ትንፋሹን ይይዛል።

ወፎቹ ለምን ያጠቃሉ የሚለው ላይ አትድከሙ። በ2007 የወጣው «ካው» ቁራዎቹ ያበዱት የእብድ ላም በሽታ የያዘው ሥጋ በልተው ነው ይለናል። መጥፎ ሐሳብ አይደለም፤ ፊልሙንም እወደዋለሁ፣ የሂችኮክ ፊልም መሪ ተዋናይ የነበረውን ሮድ ቴይለርን በስተርጅና ዶክተር ሆኖ ማየት ደስ ይላል። ግን ምክንያቱ በተነገረ ቁጥር ፍርሃቱ ይቀንሳል።

በእውነት የሆነውን ላንሣላችሁ። በነሐሴ 1961 ካሊፎርኒያ ውስጥ ካፒቶላ በምትባል ከተማ አካባቢ በሌሊት እጅግ ብዙ የባሕር ወፎች ከቤትና ከመብራት ጋር ሲላተሙ አደሩ። ሰዎች ምን ጉድ ነው ብለው ባትሪ ይዘው ሲወጡ ወፎቹ ወደ መብራቱ ይመጡባቸዋል። ሲነጋ መንገዱ በሞቱ ወፎችና ባስመለሱት ዓሣ ተሞልቶ ነበር። ሂችኮክ ፊልሙን እያዘጋጀ ሳለ ዜናውን ተከታትሎታል። ከብዙ ዓመት በኋላ ሳይንቲስቶች በዚያ ዘመን የተቀመጠ የባሕር ናሙና መርምረው መርዝ የሚያመነጭ አልጌ አገኙበት። ወፎቹ የተመረዘ ዓሣ በልተው አቅጣጫ ጠፍቷቸው ሳይሆን አይቀርም። ባትሪ ይዞ የወጣው ሰውዬ ግን ይህን አያውቅም ነበር። ገጸ ባሕርያችሁ እሱ ያወቀውን ያህል ብቻ ይወቁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። እውነተኛ ወፍ ሰው ላይ አትወርውሩ። በ1963ቱ ፊልም መሪ ተዋናይቷ ቲፒ ሄድረን የሰገነቱን ትዕይንት ስትሠራ ለቀናት እውነተኛ ወፎች ተወርውረውባታል፤ አንዱ ዓይኗ አጠገብ አቁስሏታል። የትኛውም ፊልም ለዚህ አይበቃም፤ ለወፎቹም ግፍ ነው።

«ድክመቱ እንዳይታይ ማታ ብንቀርጽስ?» ያልከውን በተመለከተ፣ እኔ ቀን ይሁን እላለሁ። የማታ መብራት ኪራይ በጀታችሁን ይበላዋል፤ በመብራት እጥረት የጠቆረ ምስል ደግሞ ፊትን ይሸፍናል፣ እናንተ የምትፈልጉት ደግሞ ፊት ነው። የትምህርት ቤቱ ትዕይንትም በጠራራ ቀን ነው የተሠራው። ወፎቹን ከሩቅ፣ ከሰማይ ብርሃን ፊት ለፊት ጥቁር ሆነው አሳዩአቸው፤ ላባቸው ከምን እንደተሠራ አይለይም። የመጀመሪያውን ኤዲት ስትጨርሱ ድምፁን ብቻ ለይታችሁ ላኩልኝ፣ በደስታ አዳምጠዋለሁ።