አሸዋው የት ይደፋ? ስለ ምርኮኞች ማምለጫ ፊልሞች የቀረቡ ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በጦርነት ጊዜ የተማረኩ ሰዎች ከካምፕ ወይም ከእስር ቤት ስለሚያመልጡባቸው ፊልሞች ይጠይቃሉ። ከጠያቂዎቹ አንዳንዶቹ የራሳቸውን የፊልም ጽሑፍ በመጻፍ ላይ ስለሆኑ መልሶቻችን ወደ አሠራሩ ያደላሉ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጀግናዬ የሚያመልጥበትን ዘዴ ተመልካቹ አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻላል ወይስ ሲፈጸም ብቻ ይየው? ቀድሜ ከነገርኩት ልብ አንጠልጣይነቱ የሚጠፋ መሰለኝ። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይጠፋም። የሚጠፋው እቅዱን በሙሉ ተናግረው፣ ልክ እንደተነገረው ሲፈጸም ነው። ያኔ ተመልካቹ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ አየው ማለት ነው። በዚህ ዓይነት ፊልም የቆየው ልማድም ከዚህ የመጣ ነው፦ የተነገረ እቅድ ይሰናከላል፣ የሚሳካ እቅድ አይነገርም።

ለተነገረ እቅድ ጥሩ ማሳያ በ1963 የወጣው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመኖች ስለተማረኩ አብራሪዎች የሚተርከው “ዘ ግሬት ኢስኬፕ” ነው። ከ200 በላይ ሰው በዋሻ እንደሚወጣ፣ ዋሻውም ከአጥሩ ማዶ ካለው ጫካ ውስጥ እንደሚያበቃ ቀድመን እንሰማለን። ሌሊቱ ደርሶ የመጀመሪያው ሰው አፈሩን ነድሎ አንገቱን ብቅ ሲያደርግ ጫካው ገና ከፊቱ ነው። ዋሻው አጥሯል። ማንም ምንም ማስረዳት አያስፈልገውም፤ እቅዱን ስለምናውቅ ድንጋጤው ከሰውየው ጋር እኩል ይደርሰናል። ልብ ይበሉ፣ የተበላሸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ርቀቱ። መፍትሔውም እጅ ላይ ካለ ዕቃ፣ ከገመድ የመጣ ነው። አንዱ ጫካው ዳር ተደብቆ ጠባቂው ፊቱን ሲያዞር ገመዱን ይስባል፣ ከታች ያለው ሰው ይወጣል። የአየር ጥቃቱና የመብራቱ መጥፋት የሚመጡት ይህ መላ ከተገኘለት በኋላ ነው። ጀማሪ ጸሐፊ ግን ሦስቱን መከራ በአንድ ትንፋሽ ያወርደዋል፤ ተመልካቹ የትኛውን እንደሚፈራ ግራ ይገባዋል።

እኛ የበለጠ የምንወደው ግን ሌላ መንገድ ነው፦ ውጤቱን ነግሮ ሥራውን ማሳየት። ፈረንሳዊው ዳይሬክተር ሮቤር ብሬሶን በ1956 የሠራው ፊልም ርዕሱ በአማርኛ ሲመለስ “ሞት የተፈረደበት ሰው አመለጠ” ማለት ነው። ሰውየው እንደሚያመልጥ ገና ትኬት ሲቆርጡ ያውቃሉ። ታሪኩ አንድሬ ዴቪኚ በ1943 ሊዮን ከተማ ካለው የሞንሉክ እስር ቤት ካመለጠበት እውነተኛ ታሪክ የተወሰደ ነው፤ ብሬሶን ራሱም በጦርነቱ ጊዜ በጀርመኖች ተማርኮ ነበር። ታዲያ ተመልካቹን ምን አስቀመጠው? በር ነው። የበሩ ጣውላዎች ጠንካራ የኦክ እንጨት ሲሆኑ መገጣጠሚያቸው ግን ከለስላሳ እንጨት ነው። እስረኛው የማንኪያ እጀታ ከወለሉ ላይ ስሎ መገጣጠሚያውን ይፈለፍላል። ፍቅፋቂው ወለል ላይ ይረግፋል፣ መጥረግ አለበት። ማንኪያው ይሰበራል፣ ሌላ ማግኘት አለበት። ገመዱ ከመኝታ ጨርቅና ከአልጋ ሽቦ ይገመዳል፣ መንጠቆው ከመብራት ማቀፊያ ብረት ይታጠፋል።

እርስዎም ጽሑፉን ከመጀመርዎ በፊት ለእያንዳንዱ መሣሪያ አራት ነገር በወረቀት ላይ ይመልሱ፦ ከየት መጣ? መጥፋቱን ማን ያስተውላል? ለመሥራት ስንት ቀን ይፈጃል? ምን ድምፅ ያሰማል? አራቱ መልሶች አብዛኛውን ጊዜ አራት ትዕይንት ይሆናሉ።

በዚሁ ፊልም ውስጥ ያለ አንድ ብልሃት ሳንጠቅስ ማለፍ አንፈልግም። ሌላ እስረኛ ቀድሞ ሊያመልጥ ሞክሮ ይያዛል። ከመረሸኑ በፊት ግን ግድግዳው መንጠቆ እንደሚፈልግ ለጀግናው ያስተላልፍለታል። የአንዱ ውድቀት ለሌላው እውቀት ሆነ። ብዙ ፊልሞች ቀድሞ የሚሞክረውን ሰው የሚያስገድሉት የጠላትን ጭካኔ ለማሳየት ብቻ ነው፤ ሞቱ ለታሪኩ ምንም ሳያቀብል ያልፋል። እዚህ ግን ሟቹ እስከ መጨረሻው ግድግዳ ድረስ አብሮ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ዋሻ ቁፋሮ ወራት ይፈጃል። ሳያሰለች እንዴት ይታያል? ሙዚቃ ከሥሩ አድርጎ በፈጣን ቅንብር ማለፍ አይበቃም? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ብቻውን አይበቃም። በሙዚቃ የታለፈ ቁፋሮ ዋጋ ያልተከፈለበት ይመስላል፤ ዋሻው መጨረሻ ላይ ሲገኝ ወይም ሲደረመስ ማንም አያዝንም።

በመጀመሪያ መሬቱን ይወቁ። የ“ዘ ግሬት ኢስኬፕ” እውነተኛ ታሪክ የተፈጸመበት፣ ዛጋን (አሁን ፖላንድ ውስጥ ነው) የነበረው ሽታላግ ሉፍት 3 የተባለው ካምፕ መሬቱ ከላይ ግራጫ፣ ከሥር ደማቅ ቢጫ አሸዋ ነበር። አንድ እፍኝ ቢጫ አሸዋ ሜዳው ላይ ከታየ ቁፋሮ እንዳለ ታወቀ። ጀርመኖቹ የመኝታ ቤቶቹን ከመሬት ከፍ አድርገው ሠርተዋል፣ የቁፋሮ ንዝረት የሚሰማ ማይክሮፎንም ቀብረዋል። እስረኞቹ “ሃሪ” ያሉት ዋሻ መግቢያው ከምድጃ ሥር ነበር። ወደ 9 ሜትር ገደማ ጠልቆ 102 ሜትር ያህል ሄደ፤ ስፋቱና ከፍታው በየጎኑ 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። 102 በ0.6 በ0.6 ሲባዛ ወደ 37 ኪዩቢክ ሜትር ይመጣል። ቁልቁል የወረደውን ጉድጓድና ክፍሎቹን ሳንቆጥር ይህ ከ55 ቶን በላይ አሸዋ ነው። አንድ ሰው ሱሪው ውስጥ ባንጠለጠላቸው ሁለት ከረጢቶች 6 ኪሎ ቢሸከም ወደ 10,000 ጉዞ ያስፈልጋል። ዋናው ችግር መቆፈሩ ሳይሆን መድፋቱ መሆኑን ጸሐፊው የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። ከረጢቱ ከታች በሹል ብረት ተዘግቶ፣ ኪስ ውስጥ ባለ ክር ሲሳብ አሸዋውን እግር ሥር ያፈሳል፤ ጓደኞች እየተራመዱ ከአፈሩ ጋር ያደባልቁታል። እንዲህ ያለውን ዘዴ አንድ ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቆርጡ ያሳዩ። ሁለተኛውን ጊዜ ግማሹን፣ ሦስተኛውን የጫማ ምስል ብቻ። ተመልካቹ የቀረውን ራሱ ይሞላል፣ ወራቱም ያልፋሉ።

ከዚያ ዋጋውን ያሳዩ። አሸዋው ልል ስለሆነ ዋሻው በጣውላ መደገፍ ነበረበት፤ ወደ 4,000 የሚጠጋ የአልጋ ርብራብ ሄዶበታል። አየር የሚተላለፈው ከወተት ዱቄት ቆርቆሮ በተቀጠለ ቱቦ ነበር። “ዘ ግሬት ኢስኬፕ” ውስጥ አንዱ አልጋው ላይ ሲወጣ ርብራቡ ተወስዶበት የሚወድቅበት ትዕይንት ያስቃል፤ ግን የዋሻው ግድግዳ ከምን እንደተሠራ በሁለት ሴኮንድ ነግሮናል።

ገንዘብ አጥሮን ረጅም ዋሻ መሥራት አንችልም ካሉም መንገድ አለ። በዚያው ካምፕ በ1943 ሦስት ሰዎች ከቀይ መስቀል ሣጥን ጣውላ የስፖርት መዝለያ ፈረስ ሠርተው በየቀኑ አጥሩ አጠገብ ያቆሙት ነበር። ከላይ ጓደኞቻቸው ሲዘሉ፣ ከውስጥ የተደበቀው ይቆፍራል፤ የዝላዩ ንዝረትም ለማይክሮፎኑ ሽፋን ይሆናል። መግቢያው አጥሩ ጋ ስለቀረበ ዋሻው አጭር ሆነ። ሦስቱም በስዊድን በኩል አገራቸው ገቡ። ለካሜራ ከዚህ የተመቸ ነገር የለም፦ ጠባቂ፣ ዘላዮችና የተደበቀው ሰው በአንድ ምስል ውስጥ።

ጥያቄ፦ “ዘ ግሬት ኢስኬፕ” ላይ ያለው የሞተር ሳይክል ዝላይ እውነት ነው? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ አይደለም። ሽቦ አጥሩን በሞተር የዘለለ እስረኛ አልነበረም፤ ፊልሙ ላይ የዘለለውም ተዋናዩ ስቲቭ ማክዊን ሳይሆን ባድ ኤኪንስ የተባለ ሞተረኛ ነው። አሜሪካውያኑ እስረኞችም ሰዎቹ ከማምለጣቸው ከወራት በፊት ከዚያ ግቢ ተዛውረው ነበር።

ዝላዩ የገባበት ምክንያት ግን ግልጽ ነው። ከዋሻው በኋላ ታሪኩ ይበተናል፤ ሰዎቹ በባቡር፣ በእግር፣ በጀልባ በየአቅጣጫው ይሄዳሉ። የተበተነ ታሪክ ጡዘት (ውጥረቱ ጫፍ የሚደርስበት ቦታ) ያጣል፤ ስለዚህ ዓይን የሚሰበስብ አንድ ትልቅ ድርጊት ፈለጉ። ይህን አንነቅፍም። የምናዝነው በሌላው ነው። መጋቢት 24 ቀን 1944 ለሊት 76 ሰዎች ወጡ፤ 77ኛው ጉድጓዱ አፍ ላይ ታየ። 73ቱ ተያዙ፣ 50ዎቹ በሂትለር ትእዛዝ ተረሸኑ። ሳይያዙ ያመለጡት ሁለት ኖርዌያውያንና አንድ ሆላንዳዊ ብቻ ናቸው። ፊልሙ የ50ዎቹን ቁጥር ጠብቋል፣ ለእነሱም መታሰቢያ አድርጎታል። ነገር ግን ብዙዎቹን በአንድ ሜዳ ላይ በአንድ ጊዜ ያስገድላቸዋል። በእውነቱ የተገደሉት አንድ ሁለት፣ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በየመንገዱ ዳር ነው፤ በመኪና እየወሰዱ፣ “ውረዱና ተናፈሱ” በሚል ማታለያ። እኛ ብንጠየቅ ያን የመንገድ ዳር ዝምታ እንመርጥ ነበር፤ ከመትረየስ ድምፅ ይልቅ ያስፈራል፣ እውነትም ነው።

ከእውነተኛ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሁለት ሰዎችን አንድ ገጸ ባሕርይ ማድረግ፣ ወራትን ማጠፍ ይችላል፤ ያ ፊልም ራሱ መግቢያው ላይ ይህንኑ በጽሑፍ ይናገራል። የሟቾችን ቁጥርና አሟሟት ግን አይንኩ።

ጥያቄ፦ የእጮኛውን ፎቶ የሚያሳይ ወታደር ሁልጊዜ ለምን ይሞታል? (ከመቀሌ)

መልስ፦ ጸሐፊው በአንድ ደቂቃ ሊያስወድደው ስለቸኮለ ነው። ንግር (የሚመጣውን አስቀድሞ በዘዴ መጠቆም) እንዲህ ሲገለጥ ንግር መሆኑ ይቀራል። ፎቶውን ማስቀረት ካልፈለጉ ሰውየውን አያስገድሉት፤ ወይም ፎቶውን ሥራ ይስጡት፣ ለሐሰተኛ መታወቂያ ተቆርጦ ይለጠፍ።

ጥያቄ፦ ፊልሜ ሙሉ በሙሉ በአማርኛ ነው፣ ጠላቶቹ ግን የውጭ ሰዎች ናቸው። በምን ቋንቋ ይናገሩ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሁለቱም ልማድ አለ፤ ጠላት በራሱ ቋንቋ ይናገራል፣ ወይም ሁሉም በተመልካቹ ቋንቋ ይናገራሉ። የመረጡትን በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ያሳዩ፣ ከዚያ አይቀይሩ። ምርጫው የሚወሰነው ግን ቋንቋ ወጥመድ የሚሆንበት ትዕይንት ካለዎት ነው። “ዘ ግሬት ኢስኬፕ” ላይ እንግሊዛዊው ማክዶናልድ ጓደኞቹን ሲያሠለጥን በድንገት በእንግሊዝኛ እየተናገረ ይፈትናቸዋል። በኋላ አውቶቡስ ሲሳፈር ጀርመናዊው በእንግሊዝኛ “መልካም ዕድል” ይለዋል፣ እሱ ሳያስበው “አመሰግናለሁ” ብሎ ይመልሳል፤ አለቀ። ሁሉም ገጸ ባሕርይ በአማርኛ ቢናገር ይህ ወጥመድ አይሠራም። እንዲህ ያለ ነገር ከፈለጉ ጠላት በራሱ ቋንቋ ይናገር፤ እስረኛው በማይገባው ጊዜም የግርጌ ትርጉም አይጻፍ፣ ተመልካቹ ከእሱ ጋር ይጨነቅ። በጀት ካጠረዎት ወጥመዱን ከቋንቋ ወደ አካል ያዙሩት፦ ሰላምታ ሲሰጥ ጎንበስ ማለቱ፣ እንጀራ ሲቆርስ ጣቶቹ።

ጥያቄ፦ ከአገራችን ጋር የተያያዘ እንዲህ ያለ ታሪክ አለ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አለ፣ ግን ከማዶ በኩል ነው። ፌሊቼ ቤኑትሲ በወረራው ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ የጣሊያን ቅኝ አስተዳደር ሹም ነበር፤ በ1941 አገራችን ነጻ ስትወጣ በእንግሊዞች እጅ ገብቶ ኬንያ፣ ናንዩኪ ወዳለው የምርኮኞች ካምፕ ተወሰደ። በጥር 1943 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አመለጠ፤ የኬንያን ተራራ ለመውጣት ብቻ። የበረዶ መውጫ መሣሪያቸውን ከመዶሻና ከቁርጥራጭ ብረት ሠሩ፣ የተራራውን መልክ ካጠኑባቸው ነገሮች አንዱ የሥጋ ቆርቆሮ ላይ ያለ ሥዕል ነበር። 4,985 ሜትር ከፍታ ያለው ሌናና ጫፍ ላይ ባንዲራቸውን ተክለው በፈቃዳቸው ወደ ካምፑ ተመለሱ። የ28 ቀን ጠባብ ክፍል ተፈረደባቸው፤ አዛዡ የስፖርት መንፈሳቸውን አይቶ ወደ 7 ቀን አወረደው።

ለጸሐፊ ይህ ልማዱን የሚገለብጥ ታሪክ ነው፦ አጥሩን ማለፍ መነሻው ብቻ ነው፣ ጡዘቱ ደግሞ ተመልሶ መግባቱ። ስንቃቸው እያለቀ ስለሆነ ከጠባቂ ይልቅ ረሃብና ብርድ ነው የሚያሳድዳቸው። ሆኖም አንድ ኢትዮጵያዊ ይህን ቢጽፈው ናንዩኪ ላይ እንዲጀምር አንመክርም። ካምፑ ላይ ከጀመሩ ቤኑትሲ ነጻነት የተነፈገ ሰው ብቻ ሆኖ ይታያል። የመጀመሪያው ትዕይንት ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ከመማረኩ በፊት፣ በሹመት ወንበሩ ላይ ቢሆን ግን ሰውየው በሰው አገር ምን ይሠራ እንደነበር ተመልካቹ ተራራውን ከማየቱ በፊት ያውቃል።