የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለልጆች የሚጽፍ ሰው ተስፋን ከየት ያገኛል?

በዚህ ወር የደረሱንን ደብዳቤዎች ስንለይ፣ አብዛኞቹ አነጋገራቸው ቢለያይም፣ ለልጆች የሚጽፍ ወይም የሚተርክ ሰው ለሥራው የሚሆነውን ደስታና ተስፋ ከዕለት ተዕለት ኑሮው እንዴት ሊያገኝ እንደሚችል የሚጠይቁ ሆነው አገኘናቸው። ከእነዚህ ውስጥ አራቱን መርጠናል። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ የሚሻ በመሆኑ ለእርሱ ብዙውን ቦታ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ለልጆች መጻፍ ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ቀደም ሲል ታሪኮቹ ሳልጠራቸው ይመጡልኝ ነበር፤ አሁን ግን በቤተሰቤ ላይ የደረሰው ኀዘንና በየዕለቱ የምሰማው ክፉ ወሬ ተደራርበውብኝ፣ ባዶ ወረቀት ስመለከት ቆይቼ እነሣለሁ። አንድ አስቂኝ ነገር ለመጻፍ ስሞክር «እኔ የሌለኝን ደስታ ለልጆች እንዴት እሰጣለሁ?» የሚል ሐሳብ ያስቆመኛል። ደስታ የራቀው ሰው ለልጆች ስለ ደስታ ቢጽፍ ማታለል አይሆንበትምን?
አንዲት የልጆች መጻሕፍት ደራሲ

መልስ፦ ስለ ደረሰብዎ ኀዘን መጽናናትን እንመኝልዎታለን። ጥያቄዎ የደራሲውን ስሜትና ታሪኩ ለልጁ የሚሰጠውን ነገር እንደ አንድ የቆጠረ ይመስለናል፤ ሁለቱ ግን የግድ አብረው የሚሄዱ አይደሉም። ደራሲው ራሱ ደስ ካላለው ጽሑፉ ሊያስደስት አይችልም የሚለው እምነት በብዙዎች ዘንድ ቢኖርም፣ እጅግ ከተወደዱት የልጆች ታሪኮች አንዳንዶቹ የተጻፉበት ሁኔታ ይህን እምነት አይደግፍም።

ፊንላንዳዊቷ ሠዓሊና ደራሲ ቶቬ ያንሰን ሙሚን ስለተባሉት ፍጥረታት የሚናገረውን የመጀመሪያ ታሪኳን መጻፍ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1939 ክረምት፣ አገሯ በጦርነት ውስጥ ሳለች፣ ሥዕል መሥራት ከንቱ ሆኖ በታያት ጊዜ ነበር። ጽሑፉን አቋርጣ ካቆየችው በኋላ መጽሐፉ በ1945 ታተመ። በዚያ ታሪክ ውስጥ አባት ጠፍቷል፤ ታላቅ ጎርፍ ይመጣል፤ እናትና ልጅም በማያውቁት ጫካ ውስጥ መጠለያ ፍለጋ ይንከራተታሉ። ደራሲዋ በዙሪያዋ የነበረውን ፍርሃት ከታሪኩ አላስወጣችውም፤ ይልቁንም እናትና ልጁ በመንገዳቸው ላይ ያገኙትን አንድ ትንሽ ፍጥረት ይዘውት እንዲሄዱ አደረገች። ራሳቸው መጠጊያ ያጡ ሰዎች ሌላውን ሲያስጠጉ የሚያይ ልጅ፣ ስለ ተስፋ ምንም ሳይነገረው፣ ተስፋ ምን እንደሚመስል ያያል።

በዚያው ዘመን በስዊድን የልጆች ደራሲዋ አስትሪድ ሊንድግሬን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተጀመረበት ከመስከረም 1939 አንሥቶ የዕለት ማስታወሻ ትጽፍ፣ የጋዜጣ ቁራጮችም ትለጥፍበት ነበር፤ ደብዳቤ በሚመረመርበት መሥሪያ ቤትም ትሠራ ስለ ነበር፣ ክፉው ወሬ በሕትመትም በሰዎች የግል ደብዳቤም በኩል ይደርሳት ነበር። በ1941 ሴት ልጇ በሳንባ ምች ታማ ተኝታ ሳለች ተረት እንድትነግራት ለመነቻት፤ የተረቷንም ባለታሪክ፣ የፒፒን፣ ስም ልጅቱ ራሷ አወጣችላት። በ1944 እናቲቱ በረዶ አንሸራትቷት ቁርጭምጭሚቷ ሲጎዳ፣ ከአልጋ ሳትወርድ ያንን ለዓመታት በቃል ስትነግር የቆየችውን ተረት በጽሑፍ አስቀመጠችው፤ አንድ አሳታሚ አልቀበልም ቢላትም በቀጣዩ ዓመት በሌላ አሳታሚ ታተመላት። እንግዲህ የሞት ዜና የሚመዘግበው የማስታወሻ ደብተርና ፈረስ በምታነሣው ልጅ በፒፒ የሚያስቀው ታሪክ ከአንድ እጅ፣ በአንድ ቤት፣ በተመሳሳይ ዓመታት የወጡ ናቸው። አንዱ ሌላውን ሐሰተኛ አላደረገውም።

ስለዚህ «ማታለል አይሆንምን?» ለሚለው ጥያቄዎ፣ ማታለል የሚሆነው ታሪኩ ያልሆነውን ሆነ ሲል ነው እንላለን። አያቱ የሞተችበትን ልጅ ታሪክ ጽፈው በመጨረሻው ገጽ ላይ «ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር መልካም ሆነ» ቢሉ፣ ልጆች ወዲያው ይታዘቡዎታል፤ ከእኛ ከአዋቂዎች ይልቅ ለዚህ ዓይነቱ ሽንገላ ዓይናቸው የተከፈተ ነው። ነገር ግን ያው ልጅ አያቱ ጀምራ የተወችውን ሹራብ አግኝቶ፣ አክስቱን እንድታስተምረው ለምኖ፣ ሲጨርሰው አንዱ እጅጌ ከሌላው በስንዝር ረዝሞበት፣ ያንኑ ለብሶ በኩራት ቢወጣ፣ አንባቢው ይስቃል፤ አያቲቱም አልተረሳችም። በእኛ አስተያየት በልጆች ታሪክ ውስጥ ተስፋ የሚባለው፣ ትንሹ ሰው በገዛ እጁ ሊያደርገው የሚችል አንድ ቀጣይ ነገር መኖሩ ነው። ፍጻሜው አስደሳች መሆኑ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ሲሆን፣ አንዳንዴም ባይመጣ ታሪኩ አይጎድልበትም። ያንን ቀጣይ ነገር ለመጻፍ ደግሞ ደራሲው ደስተኛ መሆን አይጠበቅበትም፤ ልብ ብሎ የሚያይ መሆን ግን ይጠበቅበታል።

ይህም ወደ ዕለት ኑሮዎ ይመልሰናል። ላዘነ ሰው «በየቀኑ የሚያስደስትህን ፈልግ» የሚል ምክር መስጠት ሸክም መጨመር ይሆናል። ማታ ማታ የሚያመሰግኑባቸውን ነገሮች እየዘረዘሩ መጻፍም በየቦታው የሚመከር ቢሆንም፣ ለደራሲ ብዙም አይጠቅምም እንላለን፤ «ጤና፣ ቤተሰብ፣ ሰላም» ብሎ ከጻፈ ሰው ዝርዝር ውስጥ ታሪክ ሲወጣ አላየንምና። ከዚያ ይልቅ ምን እንደተሰማዎ ትተው፣ በቀኑ ውስጥ ያዩትን አንድ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ጫማውን ግራና ቀኝ አቀያይሮ አድርጎ ማንም እንዳያስተካክልለት የሚሸሽ ልጅ፣ ከራሷ የሚበልጥ ፍርፋሪ ይዛ ስንጥቅ ለመሻገር ሦስት ጊዜ የምትመለስ ጉንዳን፣ ስልክ ሲያነጋግሩ የማይታዩ መስሏቸው እጃቸውን የሚያወናጭፉ አዛውንት፣ ሁሉም ሊጻፉ የሚገባቸው ናቸው። ያዩት ነገር ደስ ሊያሰኝዎ አይገባም፤ ታሪክ እንዲወጣውም አያስገድዱት። እንዲህ ዓይነቱ ደብተር ዓይንን ከራስ ላይ አንሥቶ ወደ ውጭ እንዲያይ ያለማምዳል፤ ደስታ የሚባለውም ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው እኛ ሌላ ነገር እያየን ሳለን ነው።

ሌላው ነገር አድማጭ ነው። ደራሲ ብቻውን ከባዶ ወረቀት ጋር ሲፋጠጥ፣ ለማን እንደሚጽፍ ይረሳል። አንድ የሚያውቁትን ልጅ በሐሳብዎ ፊት ለፊትዎ አስቀምጠው ይጻፉለት፤ ከተቻለም ያልተጠናቀቀውን ረቂቅ ጮክ ብለው ያንብቡለት። ልጁ የት ላይ እንደሚቁነጠነጥ፣ የት ላይ ትንፋሹን እንደሚይዝ ሲያዩ፣ ከጽሑፉ የጠፋው ደስታ ከአድማጩ በኩል ሲመለስ ሊያገኙት ይችላሉ። ይህን ሁሉ ስንል ግን ኀዘኑ እንቅልፍና ምግብ የሚከለክልዎ፣ የዕለት ሥራዎንም የሚያስተጓጉል ከሆነ፣ ደብተሩ መድኃኒት አይሆንምና፣ ለሚቀርቡዎ ሰዎችና ለባለሙያ ሳይነግሩ አይቆዩ። መጽሐፉ ይጠብቅዎታል።

ጥያቄ፦ ወጣት ነኝ፤ ለልጆች መጻፍ እፈልጋለሁ። ይሁን እንጂ ሕይወቴ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት ነው። ምንም ያልሆነበት ሰው ስለ ምን ይጽፋል?
ጀማሪ ጸሐፊ

መልስ፦ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ራሱን የጽሑፍ መነሻ ያደረገች ደራሲ አለች። እንግሊዛዊቷ ቢያትሪክስ ፖተር እ.ኤ.አ. መስከረም 4 ቀን 1893 ለአንድ የታመመ የአምስት ዓመት ልጅ ደብዳቤ ስትጽፍ፣ ምን እንደምትጽፍለት ስለማታውቅ የአራት ትንንሽ ጥንቸሎችን ታሪክ እንደምትነግረው ገልጻ ጀመረች፤ በየመስመሩም መሐል ሥዕል ሣለችለት። ያቺ ደብዳቤ ከዓመታት በኋላ መጽሐፍ ሆነች። አሳታሚዎች አንቀበልም ስላሏት በታኅሣሥ 1901 በራሷ ገንዘብ 250 ቅጂ አሳተመች፤ በ1902 ደግሞ አንድ አሳታሚ ተቀብሎ በቀለም አወጣላት። የዋናው ጥንቸል፣ የፒተር፣ ስምም የቤት እንስሳዋ ስም ነበር።

ይበልጥ ተራ የሆነ መነሻ ከፈለጉ፣ ሠዓሊውና ደራሲው ኤሪክ ካርል የወረቀት መብሻ ይዞ የተደራረበ ወረቀት ሲበሳ፣ ቀዳዳዎቹ መጽሐፍ የሚበላ ትል አሳሰቡት። አርታኢዋ ትሉን ብዙም ስላልወደደችው አባጨጓሬ ቢሆንስ ስትለው፣ እርሱ ወዲያው «ቢራቢሮ!» አለ። ከዚህ ንግግር የወጣው መጽሐፍ በ1969 ታተመ፤ ደራሲውም ኋላ ሲጠየቅ የተስፋ መጽሐፍ እንደሆነ፣ ትንሽና ከቁም ነገር የማይቆጠር አባጨጓሬ እንኳን አድጎ ክንፉን ሊዘረጋ እንደሚችል ለልጆች እንደሚነግር ይገልጽ ነበር። መብሻ በየቢሮው ጠረጴዛ ላይ አለ። ካርልን ከሌላው የለየው በቀዳዳው ውስጥ ማን እንዳለፈ መጠየቁ ነው።

እርስዎም ከቤት ወደ ሥራ የሚያደርጉትን ጉዞ፣ ቁመትዎ ከወገብዎ የማይበልጥ ሆነው ቢሄዱበት ምን እንደሚታይዎ አስበው አንድ ገጽ ይጻፉ። የበር እጀታ ከፍ ይላል፤ የጠረጴዛ ሥር ቤት ይሆናል፤ የአዋቂዎች ወሬ ከላይ ይወርዳል። ምንም አልሆነብኝም ማለትዎ በአዋቂ ልክ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ልጅ ግን ያንኑ መንገድ በሄደ ቁጥር ብዙ ነገር ይሆንበታል።

ጥያቄ፦ በአንድ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። ሰዎች «በዚህ ችግር ጊዜ ተረት ምን ይሠራል? መጀመሪያ ዳቦ ይቅደም» ይሉኛል። ምን ብዬ ልመልስላቸው?
አንድ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ

መልስ፦ ዳቦ ይቅደም ማለታቸው ትክክል ነው፤ ክርክር አይግጠሟቸው። ነገር ግን የየላ ሌፕማንን ታሪክ ይንገሯቸው። በናዚዎች ምክንያት ከጀርመን የተሰደደችው ይህች ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1945 ወደ ፈራረሰችው አገር ስትመለስ፣ በአሜሪካ የጦር ኃይል ሥር ለሴቶችና ለልጆች ጉዳይ አማካሪ ሆና ተመድባ ነበር። ልጆቹ ምግብና ልብስ እንደሚያስፈልጋቸው እያወቀች፣ ለተለያዩ አገሮች የልጆች መጽሐፍ እንዲልኩላት የልመና ደብዳቤ ጻፈች። ትናንት ከጀርመን ጋር ሲዋጉ የነበሩ አገሮች ጭምር መጻሕፍት ላኩላት፤ በ1946 በሙኒክ ከተማ ዓውደ ርእይ ከፈተችባቸው፤ በ1949ም ዓለም አቀፍ የወጣቶች ቤተ መጻሕፍት ተመሠረተ። ዛሬ የልጆችን መጻሕፍት ጉዳይ የሚከታተለው ዓለም አቀፍ ቦርድም በእርሷ አነሣሽነት በ1953 በዙሪክ የተቋቋመ ነው። ሌፕማን ዳቦውን በመጽሐፍ አልተካችም። ሁለቱ በአንድ ሳምንት ለአንድ ልጅ ሊደርሱት እንደሚችሉ ግን አሳየች።

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት ልጄ በየምሽቱ ያንኑ አንድ ታሪክ ካላነበብክልኝ ይለኛል። እኔ ሰልችቶኛል፤ ለእርሱ ግን ደስታው የቀነሰ አይመስልም። ሌላ መጽሐፍ ባስገድደው ይሻላልን?
አንድ አባት

መልስ፦ አያስገድዱት። ለእርስዎ የታሪኩ ደስታ ቀጥሎ የሚመጣውን ባለማወቅ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ለእርሱ ግን ቀጥሎ የሚመጣውን በማወቅ ላይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሌሎች ሲወስኑለት የዋለ ልጅ ማታ ላይ ሁሉን የሚያውቅበት አንድ ዓለም ያገኛል። ጥቅሙም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ በእንግሊዝ የሳሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ያንኑ ታሪክ ደጋግመው የሰሙ የሦስት ዓመት ልጆች፣ አዳዲሶቹን ቃላት ያንኑ ያህል ጊዜ በተለያዩ ታሪኮች ውስጥ ከሰሙት ልጆች ይልቅ በተሻለ ሁኔታ እንደያዙ አሳይቷል።

ስለ ስልቹነትዎ ግን፣ እርስዎም የሚደሰቱበትን መንገድ መፈለግ ተገቢ ነው። አንድ ምሽት የታወቀውን ዓረፍተ ነገር እስከ ግማሽ ድረስ አንብበው ዝም ይበሉ፤ ልጁ ይጨርሰዋል። በሌላ ምሽት አንዲት ቃል ሆን ብለው ያጣምሙ፤ በቁጣ ያርምዎታል፤ ብዙ ሳይቆይም እርሱ ራሱ ማጣመም ይጀምራል። ያን ጊዜ መጽሐፉን አስረክበው እርስዎ አድማጭ ቢሆኑ አይጎዳዎትም። ገጾቹን ባያነብባቸውም በቃሉ ይዟቸዋልና፣ የሚጨምራቸውን ነገሮች ልብ ብለው ይስሙ። አዲሱን መጽሐፍ ደግሞ ከአሮጌው አጠገብ አስቀምጠው ይተዉለት፤ ሲፈልግ ራሱ ያነሣዋል።