ታናሽ ወንድሜ የት ነው የታሰረው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ወር ታናሽ ወንድሜ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከሚሠራበት ሬስቶራንት ማታ ወጥቶ ቤት ሳይገባ ቀረ። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ስልኩ ዝግ ነው። ጠዋት አንድ የሥራ ባልደረባው ፖሊስ አስቁሞት እንዳየ ነገረኝ። እኔና ባለቤቴ የሜሪላንድን የፍርድ ቤት ድረ ገጽ ስንፈትሽ ዋልን፤ ስሙ የለም። ሆስፒታሎች ጋ ደወልን። በሁለተኛው ቀን ራሱ ደወለ። ለካ የታሰረው ቨርጂኒያ ነው። ስሙንም ገልብጠው ነው የመዘገቡት፤ የአባቱ ስም ፊት፣ የእሱ ኋላ። እናታችን ከአዲስ አበባ እየደወለች «አገኛችሁት?» ስትለኝ መልስ አልነበረኝም። ሌላው ሰው እንዲህ እንዳይንከራተት የት የት እንደሚፈለግ ይጻፉልን።
ታላቅ እህቱ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን በሰላም አገኛችሁት። እኔ እዚህ አካባቢ ፍርድ ቤቶች ውስጥ ለብዙ ዓመታት አስተርጉሜያለሁ። ኮሪደር ላይ ቆመው «ልጄን አይታችኋል?» የሚሉ እናቶችን አልረሳቸውም። ስለዚህ ደብዳቤሽን ሳነብ አንጀቴ ነው የተላወሰው።

አገር ቤት ሰው ሲታሰር መንገዱን እናውቀዋለን። ስንቅ በፔስታል ይዘን ከጣቢያ ጣቢያ እንዞራለን። ምግቡን ከተቀበሉን ሰውዬው እዚያ አለ ማለት ነው። እዚህ ስንቅ የሚቀበል የለም። እዚህ የሚፈለገው ስም ነው። ችግሩ ደግሞ የእኛ ስም ነው።

መጀመሪያ ግን ቦታውን እንያዝ። ሰው የሚታሰረው በሚኖርበት ሳይሆን በተያዘበት ነው። እኛ ሰፈር ይሄ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ምክንያቱም በግማሽ ሰዓት መንዳት ሦስት የተለያዩ ሥርዓቶች ውስጥ ትገቢያለሽ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሞንትጎመሪ ካውንቲ (የስቴቱ አንድ አውራጃ) ውስጥ ነው፤ እዚያ የተያዘ ሰው ተመዝግቦ የሚገባው ሮክቪል ነው። ትንሽ ወደ ምሥራቅ ከሄድሽ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ነው፤ የእሱ እስር ቤት አፐር ማርልቦሮ ነው። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረሽ ቨርጂኒያ ስትገቢ አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተንና ፌርፋክስ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሸሪፍ (እስር ቤቱን የሚመራ ሹም) እና የራሳቸው እስር ቤት አላቸው። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ለብቻው ነው። አንዱ ጋ የታሰረ ሰው ሌላው ጋ አይታይም። እናንተ ቀኑን ሙሉ ስትፈልጉ የዋላችሁት ወንድምሽ በሌለበት ስቴት ነው። ሰው ሲጨነቅ እጁ የሚሄደው ወደሚያውቀው ነውና አልፈርድባችሁም።

ሁለተኛው ነገር፣ የፍርድ ቤት መዝገብና የእስር ቤት መዝገብ አንድ አይደሉም። ኬዝ ሰርች የሚባለው የሜሪላንድ የፍርድ ቤት ድረ ገጽ የሚያሳየው ክሱንና የቀጠሮውን ቀን ነው። በነጻ ነው፤ ማንም ሊያየው ይችላል። ነገር ግን ሰውዬው አሁን የት ክፍል እንዳለ አይነግርሽም። ቨርጂኒያም እንዲሁ በስም የሚፈለግበት የፍርድ ቤት ገጽ አላት። አሁን የት እንዳለ ለማወቅ ግን የእስር ቤቱን ዝርዝር ማየት፣ ከሌለም በቀጥታ መደወል ነው። እኔ ስልኩን እመርጣለሁ። ሙሉ ስምና የልደት ቀን ይዘሽ «ይህ ሰው እናንተ ጋ አለ ወይ?» ብለሽ ትጠይቂያለሽ። እንግሊዝኛው ከከበደሽ «አማርኛ አስተርጓሚ አገናኙኝ» በይ። ዲሲ ውስጥ እንዲያውም በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ ምክንያት አማርኛ ከሚገለገሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ስለዚህ ሳታፍሪ ጠይቂ።

ሰዓቱንም አስቢ። የተያዘ ሰው አሻራ ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ንብረቱ ይመዘገባል። ይሄ ሰዓታት ይወስዳል። ሌሊት የተያዘ ሰው ስም ጠዋት ላይ ገና አልገባ ይሆናል። «የለም» የሚለው መልስ «ገና ነው» ማለትም ሊሆን ይችላል። በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ ደግመሽ ሞክሪ። ሜሪላንድ ውስጥ የታሰረ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ኮሚሽነር (ይለቀቅ ወይስ ይቆይ ብሎ መጀመሪያ የሚወስን የፍርድ ቤት ሹም) ፊት ይቀርባል። ካልተለቀቀ ደግሞ ፍርድ ቤቱ በሚቀጥለው ሲከፈት ዳኛ ፊት ለዋስትና ይቀርባል። ያንን ችሎት መገኘት ጥሩ ነው። ቤተሰብ ተቀምጦ ሲታይ ለዳኛውም አንድ ነገር ይናገራል።

አሁን ወደ ስሙ ልምጣ፤ ብዙዎቻችን የምንጠፋው እዚህ ላይ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ኮምፒውተሩ ደግሞ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። አንዱ መንጃ ፈቃዱ ላይ የአባቱ ስም መጨረሻ ሆኖ ይገኛል፤ ሌላው ላይ የአያቱ። ፖሊሱ የሚጽፈው ካርዱ ላይ ያየውን ነው፤ ካርድ ከሌለ ደግሞ የሰማውን። ስለዚህ ወረቀት አውጪና በእንግሊዝኛ ሊጻፍ የሚችልበትን መንገድ ሁሉ ጻፊው። «ፀሐይ»ን አንዱ በቲ ይጀምራታል፣ ሌላው በኤስ። «ኃይለማርያም» አንድ ላይም ይጻፋል፣ ተለያይቶም ይጻፋል፤ ከተለያየ «ማርያም» ለብቻዋ የአባት ስም ሆና ልትገኝ ትችላለች። «ገብረ» እና «ወልደ»ም እንደዚያው ናቸው። በመቀጠል ስሙን ገልብጪው። ገጹ ከፊል ስም የሚቀበል ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፊደሎች ብቻ አስገቢና የሚመጣውን ሁሉ በልደት ቀን ለዪ።

የልደት ቀን ስል እናትሽ የምታውቀውን አይደለም፤ ካርዱ ላይ ያለውን ነው። ስንቶቻችን ነን ወረቀት ላይ ጃንዋሪ 1 የተወለድነው? ካላንደር ሲለወጥ ዓመቱ የተዛባብንም አለን። የቤተሰባችሁን መንጃ ፈቃድ ፎቶ እያነሳችሁ ስልካችሁ ውስጥ አስቀምጡ። ዛሬ ማታ አድርጉት።

ቫይን የሚባል አገልግሎትም አለ። በ1993 ኬንታኪ ውስጥ አንዲት ወጣት፣ ያጠቃት የቀድሞ ጓደኛዋ ከእስር መለቀቁን የነገራት ሰው ሳይኖር ተገደለች። ይህ አገልግሎት የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ዋና ሥራው ተበዳዮችን ማስጠንቀቅ ነው። ግን የብዙ ካውንቲዎችን እስረኞች በስም ስለሚያሳይ ቤተሰብም ይጠቀምበታል። በነጻ ነው።

ኢሚግሬሽን ከያዘው ፍለጋው ሌላ ነው። አይስ፣ ማለትም የኢሚግሬሽን እስረኞችን የሚይዘው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ የራሱ የፍለጋ ገጽ አለው። በኤ ቁጥር (ኢሚግሬሽን ለሰውየው በሰጠው መለያ ቁጥር) እና በትውልድ አገር፣ ወይም በስምና በትውልድ አገር ይፈለጋል። ኤ ቁጥሩ 9 አሃዝ መሆን አለበት፤ የድሮው አጭር ከሆነ ከፊቱ ዜሮ ጨምሪበት። አስመራ የተወለደ ሰው ካላችሁ ኢትዮጵያም ኤርትራም ብላችሁ ሞክሩ። ሱዳን ካምፕ የተወለዱ ልጆችም በሱዳን ነው የሚገኙት። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እዚያ ላይ አይወጣም።

ካገኛችሁት በኋላ ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። የእስር ቤት ስልክ ይቀዳል። «አማርኛ ማን ይሰማል» ብላችሁ ስለ ጉዳዩ እንዳታወሩ። እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ቅጂ ተቀምጬ ተርጉሜያለሁ፤ የአገሬን ልጅ ቃል በራሱ ላይ ማስረጃ ሲሆን መስማት ከባድ ነው። ደህና መሆኑን ጠይቁት፣ ጠበቃ እንደምትፈልጉለት ንገሩት፣ በቃ። ሁለተኛው፣ ዝርዝሩን እናንተ ብቻ አይደላችሁም የምታዩት። አጭበርባሪዎችም ያዩታል። «የዋስትና ብር በስልክ ላኩ፣ ጊፍት ካርድ ግዙ» የሚል ሰው ከደወለ ስልኩን ዝጉትና እስር ቤቱ ጋ ራሳችሁ ደውሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በ2020 ሞንትጎመሪ ካውንቲ ተይዤ ነበር። ክሱ በሙሉ ተሰረዘ። ግን ስሜን ኢንተርኔት ላይ ሳስገባ አሁንም ይወጣል፤ የእድራችን ሰዎችም አይተውታል። አሁን ዜግነት ልሞላ ነው። እንዴት ላጥፋው?
ጀርመንታውን የሚኖር አንባቢ

መልስ፦ ወንድሜ፣ መያዝ ጥፋተኛ መባል አይደለም። እድር ውስጥ ስክሪንሹት የሚያዞር ሰው ካለ ይሄን ጋዜጣ አሳየው፤ ያ ወረቀት የሚለው ፖሊስ ይዞህ እንደነበር ብቻ ነው።

ሜሪላንድ ከኦክቶበር 1 ቀን 2021 ጀምሮ የተከፈቱ መዝገቦችን፣ ክሶቹ በሙሉ ያለ ጥፋተኝነት ከተዘጉ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ራሷ ታጠፋቸዋለች። ያንተ ከዚያ በፊት ስለሆነ ራስህ ማመልከት አለብህ። ፎርሙን የምታስገባው ጉዳዩ በተዘጋበት ፍርድ ቤት ነው። ክስህ ስለተሰረዘ ክፍያ የለውም።

ግን እንዳትቸኩል። የዜግነቱ ቅጽ ተይዘህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። መዝገቡ ቢጠፋም መልስህ «አዎ» ነው፤ ወረቀቱንም ይጠይቁሃል። መዝገቡ ከጠፋ በኋላ ደግሞ ፍርድ ቤቱ የሚሰጥህ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ የማጥፊያውን ፎርም ከማስገባትህ በፊት የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ጋ ሂድና ውሳኔውን የፍርድ ቤቱ ማህተም አርፎበት ሁለት ቅጂ አውጣ። ከዚያ የዜግነቱን ቅጽ ሳትሞላ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያንን ወረቀት ይይልህ። አንዱን ለጠበቃው ስጥ፣ አንዱን ከፓስፖርትህ ጋር አስቀምጥ።